ሁለት ቃል የተሰጠው በር

«ቀስ አድርጊኝ እንጂ፤ አፍንጫዬ እኮ ነው» አለ በሩ።

«ዝም በል፤ አቧራ ሞልቶብሃል» አለችው ምንታምር፣ ቀጭኑን ብሩሽ ከአፍንጫው ወንፊት ሳታወጣ።

«ማስነጠስ ብችል አስነጥስብሽ ነበር።»

«አስነጥስና ራስህን መልስ።»

በሩ ሳቀ። በአፋፍ ከተማ በሮች ይስቃሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ በሩ ላይ «የትንፋሽ ዘብ» ተገጥሞለታል። የሚመጣውን እንግዳ ትንፋሽ አሽትቶ ጉንፋን ይኑርበት አይኑርበት የሚለይ መሣሪያ ነው። በዚህ ስሙ የሚጠሩት ግን ጠጋኞቹ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው «ጋሼ በሩ» ነው የሚለው። ጋሼ በሩ ስለ ብርዱም፣ ስለ ጎረቤቱም፣ ስለ ኳሱም እንደ ማንኛውም ሰው ያወራል። እንግዳ ሲመጣ ግን ሠሪዎቹ የሰጡት ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ «ይግቡ»፣ ወይ «ይመለሱ»።

አፋፍ ከደጋው ጫፍ ጀምራ እስከ ቆላው ግርጌ በገደሉ ፊት ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። ላይኞቹ ፎቆች ውርጭ ሲጥልባቸው ታችኞቹ ጋ ማንጎ ይበስላል። ነዋሪው ጠዋት በሹራብ ይወጣና አሳንሰር ውስጥ ሹራቡን አውልቆ በሸሚዝ ሥራ ይገባል፤ ማታ ደግሞ ላቡ ሳይደርቅ ወደ ብርዱ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ለምዶታል። መስከረም ሊያልቅ ሲል ግን ከቆላው ሽቅብ ይነፍስ የነበረው ንፋስ ይዞርና ከደጋው ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ያስላል። ትልቁ ሰው ተኝቶ ይነሣል። ሕፃናቱ ግን ሁሉም አይነሡም ነበር፤ ጋሼ በሩ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበር፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው። በአፋፍ ከተማ አማቷን ወይም የንስሐ አባቷን በር ላይ አቁማ «ጉንፋን ይዞዎታልና ልጄን አይሳሙብኝ» የምትል ሴት አልተወለደችም። ይሉኝታው አፍ ያስይዛል። በሩ ግን ዘመድ የለውም፤ እሱ ይናገረው ተባለ። በርን ማን ይቀየማል?

የቤቱ እመቤት ልጇን አቅፋ ብቅ አለች። ሕፃኑ አፍንጫው ተደፍኖ በአፉ ነበር የሚተነፍሰው።

«ብልሽቱን አገኘሽለት?» አለቻት።

«ምንም የለበትም፤ ደህና ነው» አለች ምንታምር።

«ደህና ነው ትይኛለሽ? ታዲያ ልጄ ከየት አመጣው? ከተወለደ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም!»

ምንታምር ከቦርሳዋ የሙከራ ትንፋሹን አወጣች። ሎሚ የምታክል የላስቲክ ፊኛ ናት፤ ስትጫን ጉንፋን የያዘው ሰው ትንፋሽ የሚሸተውን ትሸታለች፣ በሽታ ግን የለባትም። ከበሩ አፍንጫ ስር አድርጋ ጫነቻት።

«ይመለሱ!» አለ በሩ ወዲያው።

«ይኸው፤ ይሠራል» አለች ምንታምር።

«ይሠራል!» አለች ሴትዮዋ፣ የልጇን ጀርባ እየመታች። «ልጄ ነዋ የተበላሸው!»

ሰሞኑን በየቤቱ ይኸው ነበር። በሩ ደህና ነው፤ ልጁ ታሟል። ምንታምር አሳንሰር ስትጠብቅ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ወደሆነችው ወደ ሐመልማል ደወለች።

«ይሄኛውም አፍንጫው ንጹሕ ነው» አለቻት።

«እንግዲያው በሩ ምን ያድርግ? ልጁን ሌላ ቦታ ነው የያዘው።»

«አራስ ልጅ የት ይሄዳል ሐሙ? አንድ የሆነ ነገር አለ። አንድ መጥፎ ነገር...»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ደህና ነገር አስበሽ የምታውቂው?»

ሐመልማል አልዋሸችም። ባሏ ይድነቃቸው ትንሽ ከዘገየ ለምንታምር የሚታያት የተበጠሰ የአሳንሰር ገመድ ነው። ስልክ ከጮኸ አምቡላንስ ይታያታል። ኖላዊን በሰባት ወሩ ከወለደችው ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳታይ ወጥ አታማስልም። በክረምቱ ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ሲስተሯ የነገረቻት ከጆሮዋ አልወጣም፦ «ሳንባው ገና ነው። ይሄን የንፋስ መዞር ሳይታመም ካለፈው ይጠነክራል። እስከዚያ ግን ጉንፋን ለሱ ጉንፋን አይደለም።» ጉንፋን ካልሆነ ምን እንደሆነ ሲስተሯ አልጨረሰችላትም። ምንታምር ራሷ በየቀኑ ትጨርሰዋለች።

ቤቷ ስትደርስ ይድነቃቸው ጫማውን አስሮ ቆሞ ነበር። እሷ ጠዋት ትሠራለች፤ እሱ ከሰዓት በኋላ ቆላው ድረስ ወርዶ የውኃ ፓምፖች ይጠብቃል። ልጁን የሚለዋወጡት እንደ ዱላ ቅብብል ነው።

«ጡጦውን ጠብቷል፣ ተኝቷል፣ አልሞተም» አላት እየሳቀ።

«አፍህን በቁራጭ!»

«እማዬ ዛሬ እመጣለሁ ብላለች» አለ፤ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እባክሽ...»

«እኔ ምን አልኩ?»

ምንም አላለችም። በነሐሴም ምንም አላለችም ነበር፤ የተናገረው በሩ ነው። እማማ አሰገደች፣ የይድነቃቸው እናት፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ከቆላ ወጥተው ገና «ቤቶች!» ከማለታቸው ጋሼ በሩ ኮሪደሩን በሚያናውጥ ድምፅ «ይመለሱ!» አላቸው። ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አወጣ። እማማ አሰገደች ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተመለሱ። በሳምንቱ ሽማግሌ መጣ። ይድነቃቸው ብዙ ቀን ፊቱን አዙሮ በላ። ያን ሰሞን ምንታምር ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ስታለቅስ «ምናለበት ዝም ብትላቸው? እናት እኮ ናቸው» ብላው ነበር። በሩም «ይቅርታ» ብሏት ነበር።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከሰዓት በኋላውን አጋምሳ ልብስ ስታጥፍ።

«እንደምን ዋሉ እማማ አሰገደች! ይግቡ፣ ይግቡ!» አለ ጋሼ በሩ።

የምንታምር ትከሻ ረገብ አለ። እማማ አሰገደች ገቡ፤ ከቆላ ያመጡትን ማንጎ አኖሩ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ድምፃቸው ሻከር ብሏል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በመሐረብ አፍንጫቸውን ጠረግ አደረጉና የምንታምርን ዓይን አዩት።

«ምነው አየሽኝ? አሳንሰሩ ውስጥ ንፋስ መታኝ። መስኮት የሚከፍት ጎረምሳ መቼ ይጠፋል! ዝጋው ብለው፣ እማማ አየር ያስፈልጋል አይለኝም? አየር በቤትህ ተንፍስ አልኩት።» ሳቁ፤ ሳቃቸው መጨረሻው ላይ ወደ ሳል ሊያደላ ሲል ዋጡት። «በርሽ ግን ደህና ነሽ ብሎኛል።»

«አዎ፤ ሰምቻለሁ» አለች ምንታምር።

አንድ ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ዛሬ በሩቁ ይዩት እማማ። አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን በሩ አሽትቷቸው አሳልፏል። ማሽኑ ያሳለፈውን እሷ ብትመልስ እንግዲህ ጉንፋን መፍራት አይደለም፤ ሰው መጥላት ነው። ሽማግሌውም፣ ጎረቤቱም፣ ይድነቃቸውም እንደዚያ ነው የሚፈርደው። ልጁን አንሥታ ሰጠቻቸው።

«ኸረ የኔ ጌታ! ኸረ አባቱን!» እማማ አሰገደች ሕፃኑን ወደ ፊታቸው አስጠጉትና እንደ ወጉ መረቁት። «እንትፍ! እንትፍ! እደግ፣ ተመንደግ! ከክፉ ዓይን ይሰውርህ!»

ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ የምርቃቱ ጠብታ እንደ ጤዛ ብልጭ ሲል ምንታምር አየችው። የኖላዊ ግንባርና አፍንጫ ላይ አረፈ። ፈገግ እንዳለች ቆየች። አማቷ እስኪሄዱ ጠብቃ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው።

ኖላዊ ጡት እንቢ ያለው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ አነጠሰ፤ ከዚያ ነጫነጨ። ምንታምር ልብሱን ገልጣ ስታየው፣ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድን አጥንቶቹ ስር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ነበር። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ለወራት በሐሳቧ ስታየው የኖረችው ነገር ነውና አልጮኸችም። በጋቢ ጠቅልላ ወጣች።

አሳንሰሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ባለሙያ ነበር።

«የአየር ለውጥ ነው፤ መስኮቱን ዝጉ!» አለ አንዱ።

«ፊቱን ሸፍኚው!»

«ኧረ ግለጪው፣ አየር ያግኝ!»

ምንታምር ማንንም አልሰማችም። የኖላዊን ትንፋሽ እየቆጠረች ቁጥሩ እየፈጠነባት ነበር።

ጤና ጣቢያው በመሃለኛው ፎቅ፣ ወይና ደጋው ላይ ነው። መተላለፊያው በእናቶች ተሞልቷል። ከእነሱ መካከል በሮቻቸውን ራሷ ያጸዳችላቸውን አየች፤ አንገቷን ደፋች። ሲስተሯ ማዳመጫውን ከኖላዊ ደረት ሳታነሣ ሌላ ሰው ጠራች። ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ገባ። ትንሿ ፊት ከቱቦው ኋላ የበለጠ ትንሽ ሆነች።

«ይተርፋል?» አለች ምንታምር።

«ይረዳዋል» አለች ሲስተሯ። የተጠየቀችውን አልነበረም የመለሰችው።

ይድነቃቸው የፓምፕ ቤቱን ቱታ እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። ልጁን አየ፤ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እማዬም ተኝታለች» አለ ቆይቶ። «ከእኛ በተመለሰች ማግስት ወደቀች። ብርቱ ጉንፋን ነው።»

«በሩ ደህና ናቸው ብሎ ነበር።»

«እሷም የምትለው ይህንኑ ነው።»

ምንታምር መተላለፊያውን አየች። እዚያ የተደረደሩ እናቶች ሁሉ በር አላቸው። በሮቻቸው ሁሉ ንጹሕ ናቸው። እንግዳ የማይገባበት ቤት ደግሞ የለም። ሲስተሯ የልጁን ቅያሪ ልብስ እንድታመጣ ስትጠይቃት ይድነቃቸውን አልጋው አጠገብ ትታ ወጣች። የሥራ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ጋሼ በሩ ኮሪደሩ ላይ ሳለች አያት።

«መጣሽ? ኖላዊስ? ይዘሽው ወጥተሽ አልተመለሰም። ቆላ ወሰድሽው?»

ምንታምር ቦርሳዋን ከፈተች። ፊኛዋን አውጥታ ከአፍንጫው ስር በደንብ ጫነቻት።

«ይመለሱ!»

ለጥቂት ጊዜ አናፈሰችውና፣ አሁን በጣም በትንሹ፣ ጉንፋን ሲጀማምር እንደሚሸተው አድርጋ ነካ አደረገቻት።

«ይመለሱ» አለ በሩ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

ይሠራል እንግዲህ። ልትሄድ ዞር አለች፤ ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ፊኛ ሰላም አይልም። በሩ እንዳያያት ወደ ግድግዳው ጎን ሸሸች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ እጇን ብቻ ዘረጋች፣ እንደገና በትንሹ ጫን አደረገችና፣ በአሮጊት ድምፅ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን እናቴ! ይግቡ፣ ይግቡ!» አለ በሩ።

ምንታምር ፊኛዋን ጣለቻት። ፊኛዋ ነጥራ ኮሪደሩ ላይ ተንከባለለች።

«ሸቶሃል ወይስ አልሸተተህም?»

ከተደበቀችበት ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ በሩ! ሸቶሃል?»

«መሰለኝ» አለ። «ሲጀማምር ሽታው ጥቂት ነው ምንታምር። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የተሰጠኝ ቃል ደግሞ ሁለት ነው።»

«ስለዚህ ዋሸህ!»

«ከሁለቱ የተሻለውን መረጥኩ። ይመለሱ ስል የሚሆነውን አያለሁ። የሰው ፊት ይጠቁራል። ሽማግሌ ይመጣል። አንቺ ግንባርሽን እኔ ላይ አድርገሽ ታለቅሻለሽ። ይግቡ ስል ግን ሁሉም ይስቃል። ከሌሎቹ በሮች ጋር ተነጋግረናል፤ በሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። ይግቡ ብለን ክፉ ነገር ሲመጣ ያየ በር የለም።»

«አላያችሁም?»

«አላየንም። ማንም አልነገረንም።»

«ልጆቹ ሲታመሙ፣ እየታቀፉ ሲወጡ...»

«ሲወጡ አያለሁ» አለ በሩ። «ሲመለሱም አያለሁ። የማይመለሱም አሉ ይላሉ ሌሎቹ በሮች። ዘመድ ጋ የሄዱ ይመስለን ነበር።»

ምንታምር ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በሩ የሚያየው ኮሪደሩን ነው። ኮሪደሩ ላይ የተከፋ ሰው ይታያል፤ አልጋ ላይ የተኛ ልጅ አይታይም። ክፋቱ የሚመጣው ቀን ዘግይቶ ነው፤ የሚሆነውም ሌላ ፎቅ ላይ ነው። የበሩ ጥፋት ምን እንደሆነ ልትነግረው ፈለገችና አፏ ላይ የመጣው የራሷ ሆነባት፤ እሷ አልጋውንም ልጁንም በሐሳቧ እያየች አይደለም ወይ ያው በሩ ያደረገውን ያደረገችው?

«ኖላዊ ዘመድ ጋ አይደለም» አለችው። «መተንፈስ አቅቶት ነው።»

ገባችና የኖላዊን ልብሶች ሰበሰበች። ይዛ ስትወጣ ጋሼ በሩ እንደ ልማዱ «በሰላም ግቢ» አላላትም።

ሐመልማል ነገሩን ስትሰማ ራሷ መጣች፤ በጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ቆመው ተነጋገሩ።

«ብልሽት ነው ብዬ እንዳልጠግነው ብልሽት አይደለም» አለች ሐመልማል፣ ፀጉሯን በሁለት እጇ ወደ ኋላ እየሳበች። «ይሉኝታ ነው የተማረው። በስመ አብ! ይሉኝታ ያለው በር!»

«አጥፊባቸው።»

«ባጠፋውስ? ተመልሰው ይማሩታል። አስተማሪዎቹ የት ይሄዳሉ?» አለችና በእጇ ምንታምርንም ራሷንም ጠቆመች። «ለጊዜው የምችለው አንድ ነው። የጠረጠራችሁትን ሁሉ መልሱ ብዬ አዝዛቸዋለሁ።»

በዚያው ቀን አዘዘች። በአፋፍ ኮሪደሮች ሁሉ «ይመለሱ! ይመለሱ!» ሆነ። ቄሱ ተመለሱ፤ አክስት ተመለሰች፤ ሠርግ ሊጠራ የመጣ ጎልማሳ ተመልሶ ጥሪውን ከኮሪደር ጮኾ ነገረ። አንዳንዱ ቤት እንግዳ እንዳይቀየም በሩን በጨርቅ ሸፈነው። «ይግቡ» የተባለ ሰው ደግሞ አንድ እግሩን አስገብቶ የሚያመነታ ሆነ።

ኖላዊ ከኦክስጅኑ ጋር ሲታገል ምንታምር ከአልጋው አልተነሣችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከጎናቸው ካለው አልጋ ባዶ ጋቢ አጥፋ ይዛ ስትወጣ አየች። ሴትዮዋ ጋቢውን ልጅ እንደሚታቀፍ ነበር የያዘችው። ምንታምር ያን ጊዜ ስልኳን አንሥታ ለእማማ አሰገደች ደወለች። ለምን እንደደወለች በቅጡ አታውቅም፤ ብቻ ዝም ማለት አልቻለችም።

የበሩን ነገር ነገረቻቸው። ከወዲያ የታመመ ትንፋሻቸው ይሰማ ነበር።

«እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «በምርቃቴ።»

«በሩ ነው እማማ...»

«በሩን ተይው። አንቺስ? አፍንጫዬን ስጠርግ አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንዳይቀየሙኝ ብዬ።»

እማማ አሰገደች ረጅም ሳል ሳሉ። ሲጨርሱ ድምፃቸው ቁጣም ልቅሶም አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ።

«እቀየም ነበር፤ አልዋሽሽም። ሽማግሌም እልክብሽ ነበር። ግን እመለስ ነበር እኮ ልጄ! በነሐሴ አልተመለስኩም? አጥሚቴን ትቼ አልተመለስኩም? ኩርፊያዬን ይህን ያህል የፈራችሁ፣ ልጁን ከናንተ እኩል እንደምወደው እንዴት ረሳችሁት? ማንም አልነገረኝም እኮ።»

ምንታምር ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የኖላዊን ቱቦ አቃናች። 

ኖላዊ ተረፈ። ሲስተሯ ቱቦውን ያወጣችለት ዕለት ይድነቃቸው ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ምንታምር ግን አላለቀሰችም። ልጇ ቀልሎ ነው ወደ ቤት የገባው። ጩኸቱ እንኳ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። ንፋሱም ገና ነበር፤ ከደጋው እየወረደ መስኮቶቹን ያንኳኳል።

ሳምንቱ ሲያልቅ፣ ኮሪደሩ ላይ የተለመደ እርምጃ ተሰማ። እርምጃው ግን ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። «ቤቶች» የሚል የለም።

«እማማ አሰገደች፣ እንደምን ዋሉ» አለ ጋሼ በሩ። «ይግቡ።»

«አንተን ማን ያምንሃል?» አሉት።

«ድነዋል እማማ። ምንም አልሸተተኝም።»

«ያን ጊዜስ ይግቡ አላልከኝም? በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። አሁን እውነትህን ይሁን ይሉኝታህን በምን ልወቅ?»

በሩ ማጠፊያው ላይ ተወዛወዘ። ስንዝር ያህል ተከፍቶ፣ ለመዝጋትም ለመክፈትም እንደቸገረው ቆመ። በክፍተቱ ምንታምር አየቻቸው። ነጭ ለብሰዋል፤ የነሐሴውን ፔርሙዝ ይዘዋል። ከስተዋል።

«ምንታምር!» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ። ልግባ ወይስ ልመለስ? የምትይውን አደርጋለሁ። አልቀየምም አልልሽም፤ ግን አደርጋለሁ።»

ምንታምር ኖላዊን ደረቷ ላይ አጥብቃ ተነሣች። ዓይናቸው የጠራ ነው። አፍንጫቸው ደርቋል። ድምፃቸው ተመልሷል። ግን አሳንሰር ውስጥ አጠገባቸው የቆመው ማን ነበር? በእጃቸው የያዙትን የመያዣ ብረት ከእሳቸው በፊት ማን ያዘው? ያቺ ጋቢ አጥፋ የወጣች ሴት በዓይኗ መጣችባት። ወዲያው ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ የልጅ ልጃቸውን አንድ ቀን ብቻ ያቀፉት እነዚህ አሮጊት ከፊቷ ቆመዋል። «ይግቡ» ምላሷ ላይ መጣ፤ ውሸት ሆነባት። «ይመለሱ» መጣ፤ እሱም ውሸት ሆነባት።

«አላውቅም እማማ» አለች።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«አላውቅም። ደህና ይመስሉኛል። ግን እፈራለሁ።»

 እማማ አሰገደች ፔርሙዙን መሬት ላይ አኖሩ፤ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አጣፉና ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ተጠግተው ቁጭ አሉ።

«እኔም አላውቅም» አሉ ከነጠላው ውስጥ። «እንግዲህ እዚሁ እቀመጣለሁ። ነገም መጥቼ እቀመጣለሁ። ንፋሱ መቼም ማለቁ አይቀር። አንተ የኔ ጌታ! ትሰማኛለህ? ማንጎው ዘንድሮ እንዴት እንዳፈራ ልንገርህ! ያ ጎረቤታችን ደግሞ ፍየሉን አሳንሰር አስገብቶ፣ ፍየሏ አሥራ ምናምነኛው ፎቅ ላይ አልወርድም ብላ...»

ኖላዊ አንገቱን ገና በቅጡ ባያጸናም፣ ከእናቱ ደረት ላይ ቀና ሊል ሞከረና ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ምንታምር ከበሩ ወዲህ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በእጇ ይሰማታል። አሁንም ትቆጥረዋለች።

በሩ ያቺን ስንዝር እንደተከፈተ ነው። የፍየሏ ወሬ አልቆ እማማ አሰገደች ሌላ እስኪጀምሩ ጠብቆ፣ ኮሪደሩ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምንታምር» አለ። «አላውቅም ማለትም ይቻላል እንዴ? ማንም አልነገረኝም እኮ።»